ፊቱን ያላየሁት ልጅ

የዋና ገንዳ ጠባቂ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ይርሳው አንድ ፊሽካ፣ ጫፉ የተቆለመመ ረጅም የብረት ዘንግና በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ አስረከቡኝ። ቀጥለው ሰው ሲበዛ አስተናጋጆቹን እንዳግዝ፣ ለስላሳ እንዳመላልስ ነገሩኝ። የምጠብቀው ውኃ ነው ወይስ ጠረጴዛ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር።

ገንዳው የሚገኘው ዳንግላ ነው። በአንዱ ጎን ውኃው ከአዋቂ ጉልበት አያልፍም። ወለሉ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ረጅም ሰውም ይሰወራል። መሐሉን የሚከፍል ገመድ ተወጥሯል። ልጆቹ ገመዱን መንጠልጠያ አድርገው እንጂ ድንበር ነው ብለው አያዩትም።

ለምን እንዲህ ትጨነቃለህ የሚሉኝ አሉ። እኔ የዘንገና ልጅ ነኝ። ሐይቁ አፋፍ ላይ አድገን አንዳችንም ዋና አንችልም ነበር፤ ወደ ውኃው ስንጠጋ ካዩን እናቶቻችን በልምጭ ነበር የሚሞሸልቁን። እኔ ዋና የተማርሁት ካደግሁ በኋላ፣ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ተቀጥሬ ነው። ስለዚህ ከኛ አገር የመጣ ልጅ ገንዳ ዳር ሲቆም ስለ ውኃ ምን እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ምንም አያውቅም። ጥልቁንም ቀለሙ ስላማረው ብቻ ይገባበታል።

ሥራዬ ራስ መቁጠር ነበር። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እስከ ሌላው እቆጥራለሁ፤ ስጨርስ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ራስ ከጎደለኝ ፊሽካ ነው። እሑድ እሑድ ፊሽካዬ አያባራም። አቶ ይርሳው አንድ ቀን ጠርተው ደንበኞቹ ትራፊክ ፖሊስ ቀጠራችሁ ወይ እያሉ እንደሚያሾፉ ነገሩኝ። ያሹፉ አልሁ በልቤ።

ወላጆቹም አይወዱኝም። ከጫግኒ የመጣ አንድ ነጋዴ የአምስት ዓመት ልጁን ውኃው ውስጥ ትቶ ጠረጴዛ ሊይዝ ሲሄድ፣ አብረኸው ግባ ብዬ አስቆምሁት። ደግ ሰው ነው፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አንተ እያለህ እኔ ለምን ልርጠብ?» አለኝ። ሁሉም የሚያስበው እንደዚያ ነው። እኔ ያለሁት ግን ሁለት ዓይን ይዤ ነው።

አንድ እሑድ ከእንጅባራ በሚኒባስ ተጭነው የመጡ ዘመዳሞች የልጃቸውን ምርቃት ሊያከብሩ ሆቴሉን ሞልተውታል። አዋቂዎቹ ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ልጆቹ ወደኔ ጎረፉ። አሥራ አራት ቆጠርሁ። እንደገና ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት።

ከነሱ አንዷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ቲሸርትና ታይት ለብሳ፣ ሦስት ዓመት የሚሆነውን ወንድሟን አዝላ በዝቅተኛው በኩል ገባች። እኔ ደስ አለኝ። ሌላው ታናሹን ዳር ላይ ጥሎ ሲንቦጫረቅ እሷ ወንድሟን ከጀርባዋ አላወረደችም። ጠጋ ብዬ በአዊኛ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዳትለቂው» አልኋት። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ትንሽ ቆይቼ ሳያት ገመዱ ዘንድ ደርሳለች። ውኃው ትከሻዋን ይዟል። የሕፃኑ ራስ ጀርባዋ ላይ ዘንበል ብሏል። እንቅልፍ ወሰደው አልሁ። ታዝሎ የተኛ ልጅ በየመንገዱ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዓይኔ ለምዶታል። ሁለቱንም ቆጥሬ አለፍሁ።

ሦስት ራስ ያህል ከቆጠርሁ በኋላ ነው ክው ያልሁት። በዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ማን ይተኛል?

ፊሽካውንም ዘንጉንም ረስቼ ዘለልሁ። ስደርስ የሕፃኑ አፍና አፍንጫ ውኃ ውስጥ ነው። ልጅቱ ሁለት እግሮቹን በብብቷ ሥር ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ወደኔ ብጎትተው አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ነው የወሰድሁት።

ዳር ላይ አጋደምሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ራሱን ቀና አድርጌ አፌን በአፉና በአፍንጫው ላይ ገጥሜ ትንፋሽ ሰጠሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሙዚቃው አልቆመም፤ ዛፉ ሥር ያሉት ገና እየበሉ ነው። የጮኸ የለም፣ ስለዚህ የሰማም የለም። በአምስተኛው ውኃ አስመለሰው። ሳል፣ ከዚያ ልቅሶ። እኔም አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

እናቱ ልቅሶውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ሕፃኑን ነጥቃ አቀፈችና፣ ገመዱን ይዛ ከገንዳው የወጣችውን ልጅ ልትመታ እጇን አነሣች። መሐል ገባሁ። ልጅቱ የምታየው እናቷን አልነበረም፤ እኔን ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልለቀቅሁትም» አለችኝ። «እርስዎ እንዳትለቂው ብለውኛል። ውኃው ውስጥ ደግሞ ቀለለኝ፤ ወደ ውስጥ ገባሁ።»

እናቲቱ እጇን እንዳነሣች ቀረች። እኔ ነኝ ያልኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኋት። ሕፃኑን ባጃጅ አስቁመን ሆስፒታል ወሰድነው፤ እስኪመሽ አቆይተው ደኅና ነው ብለው ለቀቁት።

በማግስቱ አቶ ይርሳው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን «ወላጆች ለልጆቻቸው ኃላፊ ናቸው» የሚል ሰሌዳ እንሰቅላለን አሉኝ። ሰሌዳ አላጣንም፣ ውኃ ውስጥ የሚቆም ወላጅ ነው ያጣነው አልኋቸው። ዋና የማይችል ልጅ እጁ የሚደርስበት አዋቂ ውኃው ውስጥ ከሌለ አይገባም፤ ማዘልም አይፈቀድም፤ ደንቡ ይህ ይሁን አልሁ። ደንበኛ ታባርርብኛለህ አሉ። ፊሽካውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሁለት ቀን ቤቴ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደውለው ና፣ እንዳልኸው ይሁን አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱን ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ የሥራው ነገር አልነበረም። ያቺ ልጅ አልለቀቅሁትም ስትለኝ እየሰማሁ ነበር።

ዛሬም ልጅ ወንድሙን ይዞ ሲገባ ተነሥቼ ወደ ዳር እጠጋለሁ። «እንዳትለቀው» የሚለው ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። ከፊትህ አድርገው፣ ፊቱን እያየህ ያዘው እላለሁ።

ከኔ በኋላ ለተቀጠሩት አዳዲስ ጠባቂዎች የማሳየው ይህንኑ ነው። ራስ አትቁጠሩ፣ ፊት ቁጠሩ። ፊቱን ያላያችሁት ልጅ ካለ ቆጠራውን ተዉትና ግቡ።