ቦታዋን ለቃለች የተባለችው ጅማት

አባቴ መሳለሚያ አካባቢ ጫኝና አውራጅ ነበር። ባልደረቦቹ «ክሬን» ይሉታል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የልብስ ቦንዳ ሲያወርድ ቀኝ ትከሻውን አመመውና ራጉኤል ጀርባ ወደነበሩ ወጌሻ አብረን ሄድን። ወጌሻው ቅቤ ቀብተው የትከሻውን ፊት በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ፈለጉ።

«እዚህ ጋ እንደ ገመድ የምትንከባለል ጅማት ነበረች። አሁን የለችም። ቦታዋን ለቃለች» አሉ። «ከእንግዲህ ሸክም እንዳታስብ።»

አባቴ እንደ ፍርድ ተቀበለው። በቡድኑ ውስጥ የነበረውን ቦታ ለሌላ ሰው ለቆ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሕመሙ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ቦታው ግን ተይዟል። የድሮ ባልደረቦቹ ሲያልፉ «ክሬን! ዛሬስ በሩን ብቻህን አነሳኸው?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል።

ዓመታት አልፈው ሕክምና ስማር የአንድ አስከሬን ትከሻ ከፈትን። ከክንዱ ጡንቻ የሚነሳው ረጅሙ ጅማት እስከ ትከሻው አናት መድረስ ሲገባው ከታች ክንዱ አጥንት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ተበጥሶ ነው?» አለ አንዱ ተማሪ።

«ጠባሳ ይታይሃል? ሲፈጠርም እንዲህ ነው» አሉ መምህራችን። «እንዲህ ሆኖ ተወልዶ፣ ሳያውቀው የሚሞት ሰው አለ።»

ስለ አባቴ ትከሻ ለመጠየቅ አፈርኩ። እጄን ከጋውኔ ስር አስገብቼ የራሴን ትከሻ ዳሰስኩ፤ ጅማቷ ከጣቴ ስር ተንከባለለች።

አባቴ ወደሚጠብቀው መጋዘን ስሄድ ታክሲ ውስጥ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ ትከሻህን ልየው?»

«ደግሞ ምኑን ልትሰብሪብኝ ነው?» ብሎ ካፖርቱን አወለቀ።

ቀኙ ላይ የለችም። አንድም ቀን ታሞ የማያውቀው ግራው ላይም የለችም። ያኔ ወጌሻው ግራውን አልነኩትም፤ እኛም ይንኩት አላልንም።

ሲወለድም እንዲህ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«ታዲያ ያኔ ያመመኝ ምንድነው?»

«ድካም ይሆናል። ምናልባት ዕረፍት ይበቃው ነበር።»

ከመንገዱ ማዶ የቡድኑ ሰዎች እየተሳደቡና እየተሳሳቁ መኪና ያራግፋሉ። ወደ እነሱ እያየ ቆየ።

«ጅማቷ ቦታዋን አልለቀቀችም ማለት ነው።»

«አልለቀቀችም።»

«እኔ ነኛ የለቀቅኩት።»

ምነው ባልነገርኩት አልኩ በልቤ። ካፖርቱን ሲያነሳ እጅጌውን ልይዝለት ተጠጋሁ።

«ተይው» አለኝ። «ክንዴ ደህና ነው።»