ሙሳን የሚጠራው ድምፅ

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚሉት መንገድ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ ዘርግተው፣ አላፊ አግዳሚው እየተጋፋቸው ይሰፋሉ። ልኬቱም ሐሜቱም አደባባይ ላይ ነው። አቶ ዐብዱልመጂድ ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያ ነው፤ ልጃቸውን ሙሳንም ሙያውን ያስተማሩት በዚያችው መኪና ነው። ልጁ ግን እጁ ጨርቅ ላይ፣ ልቡ ስልኩ ላይ ነበር። ሆትስፖቱን ከፍቶ ለመንገዱ ሰፊዎች ሁሉ ኢንተርኔት ሲያድል ይውል ነበር። አንድ ቀን በየመን አድርጌ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

በለቅሶም በሠርግም የሚሰበሰበው የአፎቻ ማኅበራቸው ሽማግሌዎች፣ አስከሬን ባይኖርም በሌለበት ይሰገድለትና ለቅሶ ተቀመጡ ብለው መከሯቸው። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ሙሳ ይመጣል፣ አለቀ። የአባት አንጀት፣ ምን ይደረግ?

እንዲህ እያሉ ሳሉ ነፃነት የምትባል የከተማው ልጅ፣ ሥዕል ተምራ የመጣች፣ ጠረጴዛና ላፕቶፕ ተሸክማ አጠገባቸው ልቀመጥ አለች። እኔም እንደናንተ ሥራዬን ሰው ፊት ልሥራ፣ በአየር ላይ ያለውን የማይታየውንም ላሰማችሁ ነው አለች። በአካባቢው የተከፈተ ዋይፋይም ሆነ ሆትስፖት በመጣ ቁጥር፣ እስኪርቅ ድረስ ስሙን በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ነገር ሠርታለች። ትርኢት ነው ብላ አስረዳች። ጉድ በል ሐረር! የሰፊው የእንደሻው ሆትስፖት «የራስህን ግዛ» የሚባል መሆኑ ሲሰማ መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። እንደሻው ቀኑን ሙሉ ካቀረቀረበት ቀና አላለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ያ ድምፅ «የሙሳ ስልክ» አለ።

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ድምፁ የሴትም የወንድም አይደል፣ ሐዘንም ደስታም የለበት። ነፃነት እኔ ያስገባሁት ስም አይደለም ብላ ማለች። ምሳ ይዘው የመጡት የሙሳ እናት ወይዘሮ ዋፋ፣ ሳህኑን አስቀምጠው ቶሎ ተመለሱ። ወዲያው ስሙም ጠፋ።

በማግስቱም ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሳይጠራ የቀረበት ቀን የለም። ሰፊው ሁሉ ቢስሚላህ ሳይል ክር መበጠስ ተወ፤ አንዱ ጂኒ ነው ሲል፣ ሌላው ያልተሰገደለት ሙት ነው የሚዞረው እያለ ያንሾካሹካል። አቶ ዐብዱልመጂድ ግን ፊታቸው በራ። ልጄ ከጀጎል መግቢያ ከሸዋ በር ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው እያሉ ከምሳቸው ግማሹን ሸፍነው ያቆዩለት ጀመር። ከጂኒው ይልቅ የሚያስፈራው የሳቸው ደስታ ነበር።

አንድ ቀን ምሳው ዘገየ። ድምፁም ዘገየ። ወይዘሮ ዋፋ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ብለው ጥቂት እንደቀረቡ «የሙሳ ስልክ» አለ። አቶ ዐብዱልመጂድ ከሚስታቸው ኋላ አዩ፤ ማንም የለም። እጃቸው ከመኪናው ላይ ተንሸራተተ።

«ዋፋ፣ ጉያሽ ውስጥ ምን አለ?»

ሴትዮዋ ሳህኑን መሬት ላይ አኖሩ። ከጉያቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ። ከሙሳ ጋር አብሮ የወጣው የሶፊ መንደር ልጅ አሽረፍ ሲመለስ ይዞላቸው የመጣው ነው። ሆትስፖቱ ሙሳ እንደተወው ክፍት ነው፤ እሳቸው ባትሪውን ከመሙላት በቀር የሚያውቁት የለም።

«ልጃችንን አሽረፍ በገዛ እጁ ነው የቀበረው» አሉ። «አንተ ይመጣል ስትል አፌ ተያዘ። ይሄንንም ካጠፋሁት ደግሜ የገደልኩት መሰለኝ።»

ነፃነት ማሽኑን ልትዘጋ እጇን ሰደደች። «ተይው ልጄ፣ ይጥራው» አሏት አቶ ዐብዱልመጂድ። ድምፁ ስሙን እየደጋገመ ሲጠራ፣ ለሙሳ የሚያቆዩትን ግማሽ ምሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሸፍኑ ሳህኑን ወደ ሚስታቸው ገፉና ብዪ አሉ። እንደሻውን ለአፎቻው ሽማግሌዎች ንገርልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሰላት ቀጥሎ እንሰግድለታለን ብለው ላኩት። ከዚያ ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወደ መስጊዱ ወረዱ። እጥፋቱን ሲያልፉ ድምፁ ከኋላቸው ዝም አለ።