አባ ደርሶና አባ መኪና

የበደለኝ አጎቴ አበረ ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን፣ በጥቅምት ወር ነው የበደለኝ። ሌላው በዳዬ አባቴ ተገኘ ነው፤ እሱን ከበዳዮቼ ለመቁጠር ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሁለቱም ዛሬ አፈር ናቸው። ዘመዶቼ በቃ ተያቸው ይሉኛል። አልተውኳቸውም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ነው። እሑድ እሑድ ጓደኞቹን ሰብስቦ በቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድምድም ያያል። ባለፈው ጊዜ ውድድሩ አልቆ ሹፌሮቹ ሲሸለሙ፣ ከድሮዎቹና ከዛሬዎቹ ማን ይበልጣል የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «የድሮዎቹ እኮ ቀበቶ እንኳ ሳይኖራቸው ነው የሚበሩት! የዛሬውን እዚያ ብታስቀምጠው እናቱን ይጠራል» አለ። የእኔው ደግሞ፣ «ባክህ! የድሮውን ዛሬ ብታመጣው መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲፈልግ ውድድሩ ያልቃል» አለው። ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴን የበላት እንዲህ ያለ ክርክር ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን በጋፋት በኩል ነበር። አባቴ ደርሶ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረው። በእኛ አገር ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አባቴን አባ ደርሶ ይለው ነበር። ሲሞትም አልቃሿ በለቅሶው መካከል የምታነሣው ያንኑ ስም ነው። ፈረሰኛ ሆኖ ያለ ፈረስ ስም መቀበር ሳይኖሩ እንደ መሞት ይቆጠራል። በጥምቀት ደርሶ ለጉግስ ሲጫን የኮርቻው ቆዳ ሽታ፣ ከተረገጠው ሣርና ከፈረሱ ላብ ጋር ተቀላቅሎ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

አበረ የአባቴ ታናሽ ነው። ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ገባ፣ ቀጥሎ የሹፌር ረዳት ሆነ፣ በመጨረሻ ራሱ መሪ ጨበጠ። የጭነት መኪናውን እያስጓራ ከመንደራችን ግርጌ ሲያልፍ፣ እኛ ልጆች የቤንዚኑን ሽታ ለማሽተት በአቧራው ውስጥ እንሮጥ ነበር። ከረሜላ ይወረውርልናል። እወደው ነበር፤ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም። ራሱን አባ መኪና ብሎ ሰየመ። በዚያ ስም የጠራው ግን አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ላይ ጠላ ሲቀዳ፣ ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነበር፤ አያቴ አባ ነፋስ ይበልጣል ወይስ ልጁ አባ ደርሶ? አያቴን የሚያስታውሱት፣ በእሱ ዘመን ሜዳው ድንጋያም፣ ጉግሱም ደም የሚያፈስ ነበር ይላሉ። የአባቴ ወገኖች ደግሞ የዚያን ጊዜ ፈረስ የዛሬን አህያ አያህልም ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን አበረ ጣልቃ ገባ።

«እናንተዬ፣ ፈረስ እኮ ዓይን አለው። ገደል ሲያይ ራሱ ይቆማል። የእኔ መኪና ዓይን የለውም፤ ዓይኑ እኔ ነኝ። ከአባታችንም ከአያ ተገኘም እኔ እበልጣለሁ።»

አባቴ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና፣ «አንተ የጣሊያን አሽከር ነህ። በሰው ፈረስ ነው የምትፎክረው» አለው።

አንድ ሽማግሌ፣ «ተዉ እንጅ! አባታችሁን ከመቃብር አውጥታችሁ ልታስጋልቡት ነው?» ብለው ሊያስቁ ሞከሩ። የሳቀ የለም። ወንድማማቾቹ ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ሊሽቀዳደሙ ተማማሉ።

ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ጀምሯል። ሜዳው ላይ አበረ ጥሎት ሄደ፤ አባቴ የጋለበው የመኪናውን ጭስ እያየ ነው። ዳገቱ ላይ ግን ጭቃው ጎማውን ዋጠው፣ ደርሶም በአጠገቡ አለፈ። አባቴ ከተማው መግቢያ ላይ ብቻውን ብቅ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ እልል አለች። አበረ ዘግይቶ ሲደርስ ልጆቹ፣ «አባ ጭቃ! አባ ጭቃ!» እያሉ ተከተሉት። ከዚያ ወዲያ ከረሜላ ወርውሮልን አያውቅም።

በጥቅምት እናቴን ምጥ ያዛት። ስለ እናቴ ብዙ አልጽፍም። ልጁ ተጋድሞ አልወጣ አለ። አዋላጇ እጇን ታጥባ፣ «ይህ ከእኔ አልፏል። ጎንደር ሐኪም አለ ይላሉ» አለች። እንዲያ የሆነችን ሴት ፈረስ ላይ አያስቀምጧትም። ከአባቴ በቀር የመንደራችን ጎልማሳ ሁሉ ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለነበር ቃሬዛ የሚሸከም ጠፋ። አበረ ግን በዚያ ጠዋት ከተማው ውስጥ፣ በይፋግ አድርጎ ጎንደር የሚገባ ጭነት እያስጫነ ነበር። አባቴ እኔን ላከኝ። ሮጥኩ።

አበረ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሰማኝ። «ራሱ ይምጣ» አለ። «እዚህ ሰው ፊት ቆሞ፣ አባ መኪና ከእኔም ከአባታችንም ትበልጣለህ ይበለኝ። ያን ጊዜ እጭናታለሁ።»

«እኔ ልበልዎ ጋሼ» አልኩት። ጉልበቱን ይዤ፣ «አባ መኪና! አባ መኪና ይበልጣሉ፣ ከሁሉ ይበልጣሉ!» እያልኩ ጮኽኩ። ጫኞቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል።

«አንች ምን ታውቂያለሽ? እኔ የምፈልገው ከአባትሽ አፍ ነው።»

ተመልሼ ለአባቴ ነገርኩት። የእናቴ ድምፅ እየደከመ ከውስጥ ይሰማል። ደርሶን ጭኖ ወጣ። ዳነች ብዬ ከኋላው እየሮጥኩ ተከተልኩት። ስንደርስ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። አባቴ ከፈረሱ አልወረደም።

«አበረ፣ ሚስቴ ልትሞት ነው» አለ።

«ስሜን ጥራ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ከንፈሩን እያየሁ ጠበቅኩ። ጫኞቹም ጠበቁ።

«አባቴን አላሳንስም» አለና ልጓሙን አዞረ።

መኪናው ወደ ይፋግ ወረደ። የኋላው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ጆንያ ብቻ። እናቴ ሳይመሽ ሞተች፤ ልጁም አብሯት ሞተ።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው። አንዳንድ ቀን አምቡላንስ ከመንደሩ ግርጌ ቆሞ፣ ምጥ የያዛትን ሴት አንሥቶ ሲሄድ አያለሁ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ከማን እንደሚበልጥም አይጠይቁትም። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ እሰማለሁ። ያኔ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር እላለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እገባለሁ። የልጅ ልጄ አሁንም ይፍረዱን እያለ ይጨቀጭቀኛል። እንዲፈርድ ይህን ጽፌለታለሁ።

አባቴ በሞተ ጊዜ አልቃሿ ወደ እኔ፣ ወደ ትልቋ ልጁ፣ ጠጋ ብላ በምን ስም ላንሣቸው አለችኝ። «ተገኘ በይው» አልኳት። «አባ ደርሶ አይደሉም እንዴ?» አለች። «ተገኘ» አልኳት። አበረ ሲሞትም ልጆቹ ሥርዓቱን አያውቁምና እኔኑ ጠየቀችኝ። «አበረ በይው» አልኳት። ሁለቱንም ያለ ፈረስ ስም አስቀበርኳቸው። ንፍሮውን አቅርቤ ለቀስተኛውን አሰናበትኩ።