የቆርኪ ኮክፒት

ፈተና ለወደቀች የልጅ ልጄ ሰፈሩን እልል አስባልኩ። ሞኝነቴን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ቅን ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ እኔ ብተወው ጎረቤቶቼ ስለማይተዉት ነው።

ልጅቱ የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን የምትማር ናት። እናቷ፣ የእኔ የመጨረሻ ልጅ፣ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ በጠዋት ተነስቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ በሰዓቱ ክፍል መገኘት ከመብረሩ የባሰ ሆነባትና አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ይዛ ቃሊቲ እኔ ዘንድ ገባች። ቤቴ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንኩ ካልተንጫጫ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሷ የመጀመሪያውን ሳምንት ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ አሳለፈች።

ያን እልል ያስባልኩበት ዕለት የበረራ ፈተና ነበራት። በየቀኑ ከሚያስተምራት አሰልጣኝ ጋር ሳይሆን፣ ለመፈተን ብቻ ከሚመጣ ሌላ አብራሪ ጋር። ምሳዬን በቅጡ ሳልጨርስ ደጅ ወጥቼ የዘወትር መቀመጫዬ የሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አስር ሰዓት ሲሆን ከሚኒባስ ወረደች። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፈጠን ፈጠን እያለች መጣች። ይሄ የደስታ እርምጃ ነው ብዬ ፈረድኩ። ማልቀስ የፈለገ ሰውም ወደ ቤቱ እንደሚፈጥን በሰባ አራት ዓመቴ ገና አልተማርኩም ነበር።

«ነይ ውጪ! አብራሪያችን አለፈች!» ብዬ ጎረቤቴን ጠራሁ።

ጎረቤቴ ከደጄ ጎን ሱቅ ያላት የወሎ ሴት ናት። ስኳር የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ተቀበሏት። የመጋዘኑ በር ላይ የነበሩት ጫኝና አውራጆች አፏጩ። እኔ አጨበጨብኩ፤ እንደውም ትከሻዬን ሳልሰብቅ አልቀረሁም።

ልጅቱ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባባ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!»

«አባባ፣ ወድቄያለሁ።»

እልልታ ፍሬን የለውም። ወድቄያለሁ ከተባለ በኋላ እንኳ የጎረቤቴ እልልታ ሁለት ዙር ተንሸራተተ። ከዚያ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ የተሻለውን ያመጣል» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ መጀመሪያ አይጠይቁም?»

«ፊቷን አይቼ ነው» አልኩ።

«ፊቷንማ አይተውት ቢሆን ኖሮ!» አለችኝና ጣሳዋን ይዛ ገባች።

ቤት ገብተን ልጅቱ ክራቫቷን ፈታች። ሻይ አቀረብኩላት፤ ስኳር መጨመሬን ረስቼ ያንኑ መራራውን ጠጣችው። እኔ ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመርኩ።

«ፈታኙ ምቀኛ ነው?»

«አይደለም።»

«ሴት ስትበር ደስ አይለውም?»

«አባባ! ሰውየው ምንም አላደረገኝም።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ትሪም የሚባል መዘውር አለ፣ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዘነብል። ከመነሳታችን በፊት ቦታው ላይ መሆን አለበት። እኔ በመስኮት ሳይ ፈታኙ ሆን ብሎ አዞረው።»

«ታዲያ አታላይ ነዋ!»

«ሥራው ነው። ከዚያ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ‹ትሪም› ሲለኝ ሳላይ መለስኩ። ‹ይበቃል፣ እንመለስ› አለና ሞተሩን አስጠፋኝ። ከመሬት እንኳ አልተነሳንም።»

አንድ ተሳቢ አልፎ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«አንድ ዕድል አለኝ» አለች። «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እፈተናለሁ። እሱን ከወደቅኩ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ።» ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ አድርጋ፣ «እኔ አይደለሁም እኮ የመለስኩት፣ አፌ ነው የመለሰው። ከየት እንደለመድኩት እንጃ» አለች።

ከየት እንደለመደችው እኔ አውቅ ነበር። ስኳር ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ።

ልጅቱ እኔ ዘንድ ስትገባ የአውሮፕላኗን የፊት ሰሌዳ የሚያሳይ ትልቅ ወረቀት ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፋ፣ ከፊቱ ወንበር አስቀምጣ ትለማመድ ነበር። አውሮፕላን ከመነሳቱም ከማረፉም በፊት የሚታዩ ነገሮች ዝርዝር አለ፣ ቼክሊስት ይሉታል። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ዕቃውን አይቶ፣ ነክቶ፣ መልስ ይሰጣል። ብቻዋን ስታነብም ስትመልስም አሳዘነችኝና፣ «አምጪው፣ እኔ ላንብብልሽ» አልኩ። እንግሊዝኛዬ ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ የተለቀመ ነው፤ ለዚህ ግን አላነሰም።

እንዲሁ ባነብላት ምን ነበረበት! እኔ ግን የሹፌር ወግ ጨመርኩበት። እኛ ከቃሊቲ ጭነን ስንነሳ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ይጠራል፣ ረዳቱ ከታች ይመልሳል። «ጎማ!» «አለ!» «ዘይት!» «አለ!» «ውሃ!» «አለ!» መጨረሻ ላይ ጎማው ሥር የተወሸቀውን ድንጋይ ለማለት «ታኮ!» ሲባል «ተነስቷል!» ይላል። ዜማ አለው። ዜማ ያለው ነገር ደግሞ አሳብ አይፈልግም። ከእኔ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ረዳት ነበረኝ፤ ታኮ ተነስቷል የሚለውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ይመልስልኝ ነበር። አንድ ጠዋት አዋሽ ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎኝ ጭነቱን ረገምኩ፣ ነጋዴውን ረገምኩ፣ ሞተሩን የሠራውን ፈረንጅ ረገምኩ። አንዲት ሻይ ሻጭ ናት መጥታ በጣቷ ጎማውን ያሳየችኝ። ድንጋዩ ቦታው ላይ ነበር።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጥበብ ነው ለልጅቱ ያወረስኳት። «ነዳጅ!» «አለ!» «ፍላፕ!» «አለ!» እኔ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ እሷ እየሳቀች፤ ዝርዝሩን ሻይ ሳይበርድ እንጨርሰዋለን። «ከትናንቱ ፈጠንሽ!» እያልኩ ሳሞግሳት ከረምኩ። እጇ ወረቀቱን መንካት የተወው መቼ እንደሆነ ልብ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ሄድኩና ጎረቤቴን የለስላሳ ቆርኪ ጠየቅኳት።

«ምን ሊያደርጉት? ዕጣ ሊያወጡ?»

«አውሮፕላን ልሠራበት።»

«ኧረ አላህ ይሁንዎ» አለችና አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠችኝ።

ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ልጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በየማብሪያ ማጥፊያው ላይ ቆርኪ አስቀመጥኩ፤ ወደ ላይ የሚታየው ጀርባው ከሆነ በርቷል፣ ሆዱ ከሆነ ጠፍቷል። ፍላፑ፣ የክንፉ ታጣፊ ጠርዝ፣ በመስመር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ቆርኪ ሆነ። ለትሪሙ የማርማላታ ክዳን በምስማር ጭሬ ምልክት አበጀሁለት። ልጅቱ ከትምህርት ስትመለስ አየችውና ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮክፒት፣ የአንቺ ጋቢና። ወደ መስኮቱ ዙሪ።»

«ለምን?»

«ሥራዬ ነው።»

ዞረች። እኔ አንዱን ቆርኪ ገለበጥኩና ማንበብ ጀመርኩ፤ ያለ ዜማ፣ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ። ሦስተኛው ላይ ተሳሳተች። «ከመጀመሪያው» አልኳት። እንደገና ዞረች። አሁን ምንም አልነካሁም። እሷ ግን ስህተት ፍለጋ ደህናውን አበላሸችው። ከመጀመሪያው። ሰባተኛው ጊዜ ላይ ቆርኪዎቹን በክንዷ ጠራርጋ ወለል ላይ በተነቻቸው።

«ይሄ ቁማር ነው እንጂ ትምህርት አይደለም!»

ጉልበቴን ይዤ እያቃሰትኩ ለቀማ ጀመርኩ። ሽማግሌ መሬት ላይ ሆኖ ይቅርታ ሲጠይቅ ይቀላል መሰለኝ፣ እዚያው አልጋ ሥር አንገቴን ቀብሬ፣ «ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳያዩ አለ ማለትን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

አንገቴን ሳወጣ የአልጋው ጠርዝ መታኝ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ፈታኙ ትሪም ሲለኝ በእንግሊዝኛ አልመለስኩለትም። ‹አለ!› አልኩት፣ በረጅሙ። ‹ምኑ ነው ያለው?› አለኝ።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላስታውስም። እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አብረን ለቀምን።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከትምህርት መልስ አንድ ሰዓት ቁጭ እንላለን። አሰልጣኟ ቀድሞም የነገራት ሥርዓት ነበር፤ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ፣ መጨረሻ አፍ። እኔ የእጇን ጣት ቆርኪው ላይ ሳላይ ወደሚቀጥለው አላልፍም። አንዳንዴ ሁለት አገለብጣለሁ፣ አንዳንዴ ምንም። በየመሀሉ ስለ ትምህርቱ ታጫውተኛለች። የመጀመሪያ ቀን ስትበር ወረቀት ከረጢት ውስጥ እንዳስመለሰች ለእናቷ ሳትነግር ለእኔ ነገረችኝ። ከላይ ሆና ቤታችንን ፈልጋ እንዳጣችው፣ የአቃቂ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ማረፍ ማለት አለመውደቅን ረጅም ጊዜ መጠበቅ እንደሆነ። «ታዲያ ከፊትሽ ያለውን እንዴት ነው የምትቀድሚው?» ስላት፣ «አይቀደምም አባባ፣ ይጠበቃል» አለችኝ። ይሄ ሥራ ለእኔ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ወደ መስኮቱ ዞራ እኔ ምንም ሳልነካ ጠበቅኩ። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ አለፈ። ማንበብ ጀመርኩ። «ፍላፕ» አልኩ። ጣቷ ወረደና ቆመ።

«ቦታው ላይ አይደለም» አለች።

«አልነካሁትም።»

«ይንኩትም አይንኩትም፣ ቦታው ላይ አይደለም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ መኪናው ሲያልፍ ቆርኪው ከምልክቱ በጣት ስፋት ተንሸራቷል። እኔ አሳሳቹ ራሴ አላየሁትም። መልሳ ቦታው ላይ አደረገችውና፣ «ይቀጥሉ» አለችኝ። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። ያን ቀን «ከመጀመሪያው» ማለት አላስፈለገኝም።

የፈተናው ዕለት ድንጋዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት ለጎረቤቴ፣ «ዛሬ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አልኳት። «እኔ ነኝ የከፈትኩት?» አለችና ሱቋ በር ላይ በርጩማ አወጣች። አስር ሰዓት አለፈ። አስራ አንድ ሊሆን ሲል ልጅቱ ወረደች። ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ፊቷን አየሁ፣ በደንብ አየሁ፤ ድካም እንጂ ሌላ አላነበብኩበትም። አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ፈታች።

«ትሪሙን አዙሮት ነበር» አለች።

«እሺ።»

«አየሁት። ነካሁት። መለስኩት። ከዚያ ነገርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በረርን። አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«ታዲያ… » ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «አልፈሻል ወይስ አላለፍሽም? እኔ ገምቼ አልናገርም።»

«አልፌያለሁ አባባ።»

«አሁን ይቻላል?» አለች ጎረቤቴ ከበርጩማዋ ላይ። እልልታውን እንድትለቀው እጄን አነሳሁላት።

ልጅቱ ለሚቀጥለው ስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዷ በፊት በነበረው እሁድ፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ ጨርሳ፣ «ይቀመጡ» ብላ ወንበሩን ሳበችልኝ። «ዛሬ እኔ አነባለሁ። ወደ መስኮቱ ይዙሩ።»

ዞርኩ። የመጋዘኑን ግድግዳ እያየሁ ለራሴ እስቅ ነበር፤ ቆርኪውን ያስቀመጥኩት እኔ፣ ወረቀቱን የዘረጋሁት እኔ። ማንበብ ጀመረች። ስድስቱን በትክክል መለስኩ፤ ጣቴን እንደ ጳጳስ እያነሳሁ እያሳረፍኩ። ሰባተኛው የዋናው ባትሪ ማብሪያ ነበር።

«በርቷል» አልኩ።

ወደሚቀጥለው አላለፈችም። ቆርኪው ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ ነበር። ጣቴ ደግሞ እላዩ ላይ ነበር።

«ወድቀዋል አባባ።»

«ዓይኔ እኮ…»

«ዳግም ፈተና አለዎት። አንድ ዕድል።» የራሷን ሳቅ በመዳፏ ይዛ ነበር። «ሰኞ ከመሄዴ በፊት ጠዋት።»

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ታክሲ ድረስ መሸኘት አለብኝ አልኩ። በኋላ ለበዓል ስትመጣ እንግዳ በዛብኝ። ደግሞ ስትመጣ መነጽሬ ጠፋ፤ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አሁን በስልክ፣ «መቼ ነው የሚፈተኑት?» ስትለኝ ጉልበቴን አሞኛል እላታለሁ። «ተቀምጠው ነው እኮ የሚፈተኑት» ትለኛለች። እስከ ዛሬ አልተፈተንኩላትም።