የአምስተኛው ኮምፒውተር ኬብል

ሮቤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዳታ ኬብል መዘርጋት በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነው። ሠላሳ ዓመት በባሌ ከተሞች መብራት ስዘረጋ ኖሬ፣ ይሄ ከክር የቀጠነ ሽቦ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ አምስተኛው ኮምፒውተር ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁ። ዓይኔ ያኔም መነጽር ይፈልግ ነበርና ኬብሉ አንድ ክንድ አጠረኝ።

ሌላ መሳብ ነበረብኝ። እኔ ግን ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለም ከቀለም አጋጥሜ ጠመዘዝኳቸው። እንደ አምፖል ሽቦ በናስትሮ ጠቅልዬ የግድግዳውን የፕላስቲክ ቦይ ከደንኩበት። አምሮልኝ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ኮምፒውተሮቹ ለሕዝብ በተከፈቱ ዕለት ጫልቱ የምትባል ወጣት ነርስ ከገሰራ መጣች። በኢንተርኔት ለሥራ ልትመዘገብ ነበር፤ ምዝገባው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሌሎቹ ሁሉ ተይዘው ስለነበር አምስተኛው ደረሳት። ቅጹን ሞልታ ልትልክ ስትል መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ሞላች። እንደገና ተቋረጠ።

«ኔትዎርክ ነው» አልኳት፣ ፊቴን እንደ አዋቂ አኮሳትሬ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ አስናቀች ዙሪያውን ቃኙና «የሌሎቹ ይሠራል እኮ፣ ጋሽ ሞገስ! ኔትዎርኩ ይቺን ልጅ ብቻ ነው የጠላት?» አሉኝ።

«አቦ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እሞላዋለሁ፤ ጣቴም ለምዶታል» ብላ ጫልቱ ሳቀች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል።

«ተይው ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩና ቦዩን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ጉዴን አወጣሁት።

ወይዘሮ አስናቀች ናስትሮውን አይተው «ምነው፣ ቁስል ነው እንዴ የጠቀለሉት?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀብኝ።

አዲስ ኬብል ከሳጥኑ አንስቼ በወለሉ ላይ ሳብኩ። ሰዉ እግሩን እያነሳ አሳለፈኝ። በጥድፊያ የኬብሉን ጫፍ መቆለፊያ ሰበርኩትና ከኮምፒውተሩ እየሾለከ አስቸገረኝ። ጫልቱ የፀጉር ላስቲኳን ፈትታ፣ ኬብሉ እንዳይሳብ ከጠረጴዛው እግር ጋር ጠፍራ አሰረችው።

ቅጹ ሄደ። እሷም ፀጉሯን እንደለቀቀች የገሰራ መኪና እንዳያመልጣት ሮጠች።

ማምሻውን አለቃዬ ወሬው ደርሶት ከጎባ ደውሎ «የዳታ ኬብል አይቀጠልም ብዬዎት አልነበር?» አለኝ።

«ብለኸኛል፤ የሰማሁህ ግን በመብራት ሠራተኛ ጆሮ ነው» አልኩት።

የዳታ ኬብል ካጠረ ሌላ ይሳባል። የቀጠለም ሰው ካለ፣ ሌላው ከመቸገሩ በፊት ይናገር።

ጫልቱ ሥራውን ታግኝ አታግኝ አልሰማሁም። ላስቲኳ፣ ቀይ ዶቃ ያላት ጥቁር ላስቲክ፣ እስካሁን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከፒንሳው ጎን ናት። ለሥራ ገሰራ በሄድኩ ቁጥር ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ አገኘቻትና «አንተ ራሰ በራ፣ ይቺ ደግሞ ለምንህ ናት?» አለችኝ።

«ዕዳ ናት» አልኳት።