ጭራ ያላት የሰዓት ቆጣሪ

ካዛንቺስ ሰዓት ሠሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ዓይነ ስውሩ የስልክ ኦፕሬተር ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እዚያው ሰፈር ካለ መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ በየቀኑ በትራቸውን እያንኳኩ ሲያልፉ ሰላም እንባባላለን። ያን ቀን ግን የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። መስታወቱ እንደ ክዳን የሚከፈት፣ ቆጣሪዎቹን በጣት ዳስሰው የሚያነቡት ዓይነት ነው። የደቂቃው ቆጣሪ ደህና ነው፤ የሰዓቱ ግን ከሥሩ ተሰብሯል።

«ሰው መጠየቅ ሰለቸኝ» አሉኝ። «ጠዋት ስነሳ ጎረቤት እጠይቃለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እጠይቃለሁ፣ ሥራ ገብቼ ደግሞ እጠይቃለሁ። ለማኝ ሆንኩ እኮ!»

«ይቺማ ምን አላት ጋሼ፣ ነገ ይውሰዱ» አልኳቸው። አፌ ቀድሞኝ ነው።

የሰዓቱ ፋብሪካ ወኪል ሱቅ መስቀል አደባባይ አካባቢ ነበር፤ እዚያ ሄድኩ። ሻጯ ልጅ መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ ቆጣሪዋን ከነላስቲኳ አሳየችኝ።

«አለን፤ ግን ለውጭ ሠሪ አንሸጥም።»

«እና ለማን ነው የተቀመጠችው?»

«ሰዓቱን ተውልንና ባለሙያችን ከውጭ አገር ሲመጣ ይሠራዋል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እህቴ፣ ሰውየው ዓይነ ስውር ናቸው!»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም ወንድሜ።»

ደሜ ፈላ። አልዋሽም፣ ተሳደብኩ፤ ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ለገሃር ያሉት የሙያ ጓደኞቼ ጋ ሄድኩ፤ በሩ ለሁላችንም ነው የተዘጋው። አንደኛው ባትሪ መቀየር ብቻ ቀርቶታል፣ ሌላው ጭራሽ ሰዓቱን ትቶ ሞባይል ይፈታል። «አንተም ብትተወው ይሻልሃል» አለኝ። ለመተው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ለጋሼ ነገ ብያቸዋለሁ።

በነጋታው ጠዋት መጡ። «ደረሰ?» አሉ። «ትንሽ ቀርቷታል» አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው ዋሸኋቸው። ትንሽ ራቅ ብለው አንዱን መንገደኛ «ሰዓት ስንት ነው?» ሲሉት ሰማኋቸው። አፈርኩ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በቃ፣ ራሴ እሠራታለሁ አልኩ። የመጀመሪያዋን ከነሐስ ቆረጥኳት፤ ጣቴን ሳሳርፍባት ተጣመመች። ሁለተኛዋን የሞተች የደወል ሰዓት ፈትቼ ከሞላዋ ላይ ቆርጬ በሞረድ ቀረጽኳት። ይቺኛዋ ጠንካራ ናት፤ ግን በአንድ ወገን ከበዳትና ትንቀጠቀጣለች። ሚዛን ይሁናት ብዬ ከኋላዋ አጭር ጭራ ተውኩላት። ሳያት ደስ አለችኝ። በጣት ምን እንደምትመስል ግን አላሰብኩም፤ ዓይን ያለው ሰው ሥራ ነዋ!

በሦስተኛው ጠዋት ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ዳሰሱ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንተ፣ አሁን ይኼ ዘጠኝ ነው ሦስት?»

ለካ ጭራዋም ለጣት ቆጣሪ ናት! አንዷ ዘጠኝ ላይ፣ አንዷ ትይዩዋ ሦስት ላይ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁኑኑ እቆርጣታለሁ» ብዬ ጉጠቴን አነሳሁ።

«ተው! እንዳትነካት!» ሰዓቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፣ የሚያባራም አልመሰለኝም። «ቢሮዬ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ዘጠኝ ይሉኛል። ቤቴ ደግሞ ሦስት ነው። ዕድሜ ልኬን ስድስት ስደምር፣ ስድስት ስቀንስ ኖርኩ! ረጅሟ ለቢሮ፣ አጭሯ ጭራ ለቤት። ፋብሪካው ይኼንን መች አሰበልኝ?»

ገና እየሳቅን ሳለ አንዲት ወጣት ወደ ታክሲ ስትጣደፍ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ሰዓት ስንት ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ክዳኑን ከፈቱት። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው የኔ ልጅ። በፈረንጅም ልንገርሽ?»

«ኧረ ይበቃኛል፣ ይባረኩ!» ብላ ሮጠች። እሳቸውም ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ። እንባዬ መጣ፣ ምን አሳፈረኝ!

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ዓይነ ስውራን ወዳጆቻቸው ተያይዘው መጡ። የሁለቱም ሰዓት ምንም አልሆነም። የመጡት የፋብሪካውን ቆጣሪ አውጥቼ የእኔን እንድገጥምላቸው ነበር።