ከጓዳ የማውቀው ድምፅ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ጥር፣ የልጅ ልጄ ጫልቱ ልትዳር በነበረበት ሳምንት ሰበታ ላይ ነው። 

ባለቤቴ ካረፈ ሃያ ዓመት ሆነው። ልጃችን ግርማ ሲያገባ ሲመርቀው የተቀዳ ካሴት ነበረን። ግርማ እሱን ወደ ፍላሽ አስገለበጠና አዲስ ስፒከር ገዛ። አሁን ደግሞ ልጁ ጫልቱ በአያቷ ድምፅ እንድትመረቅ ነው ሐሳቡ።

ረቡዕ ግርማ ቤት ሳሎን ቁጭ ብለን ሲከፍተው ክው አልኩ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የሌላ ሰው።

«አኮ፣ አያቴ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ ጫልቱ። አኮ የምትለው እኔን፣ ሴት አያቷን ነው።

ግርማ ሻጩ ጋ ደወለ። «ስፒከሩ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሦስት ቀን ሳታጠፉ አጫውቱት፣ ተፍታቶ ድምፁ ይለቃል» አለው።

«እንግዲህ እማዬ፣ ቅዳሜ ስሚውና የሱ አይደለም ካልሽ ይቀራል» አለኝ ግርማ።

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። በዚያ ላይ በስልክ የተጠራ ዘመድ ይቀየማል። ሐሙስ ቡራዩ፣ አርብ ሱሉልታ ዘመድ ልጠራ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ድምፁን ላስታውስ ብሞክር የሚመጣብኝ ያ ቀጭኑ ሆነ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ረሳሁት ማለት ነው? 

ቅዳሜ ከሰዓት የግርማ በር ላይ ስደርስ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ይመርቃል። ራሱ፣ ከነደረቱ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

«ለቀቀላችሁ» አልኩ ስገባ።

«ምኑ ይለቃል እማዬ? መብራት ከሐሙስ ጀምሮ የለም። አሁን መምጣቱ ነው» አለ ግርማ።

ሳሎን ገብቼ ስፒከሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ቀጭን። ወጣሁ፤ እሱ። ያኔ ገባኝ። እሱ ዳስ ውስጥ ሲመርቅ እኔ ሁልጊዜ ጓዳ ነኝ። ምርቃቱን ያለ ግድግዳ ሰምቼው አላውቅም።

«አሰሙት» አልኳቸው።

እሁድ ሠርጉ ላይ ከፊት ወንበር ሰጡኝ፤ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ «አሜን» ሲሉ ይሰማኛል። ኋላ የባለቤቴ ጓደኛ ኦቦ ቶላ ዓይኑን እየጠረገ መጣ።

«ድምፁ አልቀጠነብህም?» አልኩት።

«ሲመርቅ መቼ ወፍሮ ያውቃል? እኛ እንስቅበት ነበር እኮ» አለኝ።

ስፒከር ይለቅ አይለቅ እንጃ። አሁን ግን ሰበታ በሄድኩ ቁጥር ሳሎን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አስከፍተዋለሁ። ቀጭኑንም እየለመድኩት ነው።